ቅጠል ሰባት

የእህቴ ዓይን ቢጫ መሆኑን ያየሁት ሰኞ ጠዋት ጣሪያ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ ማንም አያይም። ከተማውን የሚያስተዳድረው አውታር የሚሰጠን መብራት ሰማያዊ ነው፤ በኮምቦልቻ በየቤቱ፣ በየመንገዱ፣ በየፋብሪካው ሰማያዊ። «ለዓይን ጤና» ይላሉ። በዚያ መብራት ሥር ቢጫ የሚባል ቀለም የለም፤ ሎሚ ገዝተሽ ጎመን የገዛሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ጦይባ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ደከመኝ፣ ሰውነቴን በላኝ፣ ምግብ ሸተተኝ» ስትል እኛ ዓይን ዓይኗን እያየን «ምንም አልሆንሽም» እንላት ነበር።

ጣሪያ የወጣነው ልብስ ልናሰጣ ነው። ማለዳችንን፣ ያን የጣቢያውን የጠዋት መጠጥ፣ ጠጥተን ተመልሰናል። ፀሐይ ብቅ አለች፣ ጦይባ ዞር አለች፣ ዓይኗ እንደ እርድ።

መጮህ አልቻልኩም። ሳይረኑ ገና ነው። ማለዳ የጠጣ ሰው ሳይረኑ እስኪጮህ አፉን አይከፍትም፤ ለአላህም ለእግዜርም በሹክሹክታ ይቻላል፣ ለሰው ግን በምንም። በእጄ ዓይኔን ጠቆምኩ፣ ዓይኗን ጠቆምኩ፣ ፀሐይዋን ጠቆምኩ። የምቀልድ መስሏት በእርጥብ ቀሚስ መታችኝ። አሥራ አንድ ደቂቃ። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ የማየውን ሳልነግራት ልብስ ስናሰጣ ቆየን። ሳይረኑ ሲጮህ ከሳይረኑ እኩል ጮህኩ።

«ዓይንሽ!»

«ምን ሆነ?»

«ቢጫ ነው! ቢጫ ቢጫ!»

ቆም አለችና «ያምርብኛል?» አለች። ጦይባ እንዲህ ናት። ቀሚሱን ግን ገመዱ ላይ ሳይሆን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ሁለታችንም ቢጫ ዓይን አይተን እናውቃለን። አባታችንን ከአራት ዓመት በፊት የገደለው እሱ ነው። ወረቀቱ እስካሁን ሳጥን ውስጥ አለ፤ «ይማም አሊ፣ ዕድሜ 47፣ የወፍ በሽታ» ይላል።

ጣቢያ ወሰድኳት። ጣቢያ አሥራ አራት ማለት የእኔ መሥሪያ ቤት ማለት ነው፤ ኩባያ አጥባለሁ። በየማለዳው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ፣ የእጅ መታወቂያ አምባሩን አስነክቶ፣ ኩባያውን ጨልጦ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ጣጣ ነው። ነጭ ክዳን ለተራው ሰው። ቀይ ክዳን ለፋብሪካ ሠራተኛ፣ ብርታት እንዲሆነው። አባዬ ቀይ ነበር የሚጠጣው። ጦይባም ሽመና ክፍል ከገባች ሦስት ወሯ፤ ቀይ ትጠጣለች። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። በቀዩ ክዳን ላይ «ቅጠል ሰባት» ይላል፣ በነጩ ሌላ ቁጥር፣ በቃ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በትልቁ ተጽፏል፦ «መድኃኒት ሳይነጋገሩ ይለቀማል፣ ሳይነጋገሩ ይጠጣል፣ ስሙ ከተጠራ ይረክሳል።» ድሮ ይሄ የአዋቂዎች ወግ ነበር አሉ፤ ቅጠሉን የሚበጥሱት ሰዎች ስሙን ለልጃቸው እንኳ ሳይናገሩ ይሞቱ ነበር። አሁን፣ በ2094 ዓ.ም.፣ የሕግ አንቀጽ ነው። ስም የጠራ ሰው አምባሩ ይነጠቃል፤ አምባር የሌለው ፋብሪካ አይገባም፣ አውቶቡስ አይሳፈርም፣ ከቦኖ ውሃ አይቀዳም።

መርማሪው ጥግ ላይ ያለ ሳጥን ነው። ሰው ይገባል፣ እጁን ያስቀምጣል፣ ይጠየቃል። እኔ በሩን ይዤ ቆምኩ።

«መድኃኒት ወስደዋል?» አለ መርማሪው።

«ማለዳ ትጠጣለች» አልኩት።

«ማለዳ መድኃኒት አይደለም። ማለዳ ባህል ነው። መድኃኒት ወስደዋል?»

«አይ» አለች ጦይባ።

«አልኮል?»

«በአላህ!»

«መልስዎ አልተመዘገበም። አልኮል?»

«አይ!»

«ቫይረስ የለም። የሐሞት ጠጠር የለም። የሌሊት ወፍ በላይዎ አልፎ ያውቃል?»

ተያየን።

«እኔ እንጃ» አለች።

«‹እኔ እንጃ› እንደ ‹አዎ› ይመዘገባል። የጉበት ቁጥር 940። የጤነኛ ሰው ከ40 በታች ነው። በሽታው፣ የወፍ በሽታ። ሕክምናው፣ ድርብ ማለዳ፣ ቀይ ክዳን፣ ጠዋት ሁለት ኩባያ፣ በቤትዎ። እግዜር ይማርዎ።»

ደሜ ፈላ። ምስኪን ወፍ! በኮምቦልቻ ሰማይ የሌሊት ወፍ ከታየ ሃያ ዓመቱ ነው። የሌለች ወፍ ሰው ትገድላለች፤ ያለው ኩባያ ግን ባህል ነው፣ አይነካም። አባዬም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ኩባያ፣ ቢጫው ሲብስ ሦስት። በመጨረሻው ቀን መዋጥ አቅቶት እማ በማንኪያ አጠጣችው።

ያን ቀን አራት ኩባያ ሰበርኩ። ጣቢያውን የሚጠርጉት እትዬ ስንቄ ስብርባሪውን እያነሱ ቀና ብለው አዩኝ። በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ጠራጊ ብቻ ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው።

«አንቺ፣ ዛሬ ከኩባያ ጋር ነው እንዴ የተጣላሽው?»

ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው የማጠቢያውን ውሃ ከፈቱት፣ ድምፃችን እንዳይሰማ።

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ» አሉ። «ያኔ ማሽኑ ደደብ ነበር። ጠያቂው ሰው ነው። ጉበት ሲታመም ሌላ ሌላው ሁሉ ከጠፋ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ምን ወሰደች? መቼ ጀመረች? ስታቆም ምን ሆነች?»

«ምን እንደወሰደችማ ማን ያውቃል!»

«መቼ ጀመረች?»

«ፋብሪካ ስትገባ። ቀይ ክዳን።»

«ስታቆምስ?»

«አላቆመችም። እንዲያውም እጥፍ አድርጉላት ተባልን።»

እትዬ ስንቄ ውሃውን ዘጉት። «እንግዲያ ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ማለት ነው» አሉና መጥረጊያቸውን አንስተው ሄዱ።

ድርብ ማለዳ የታዘዘለት ሰው ከሥራ ያርፋል፣ ኩባያው እቤቱ ይሄድለታል። ወሳጇ ማን ናት? ኩባያ አጣቢዋ። ኩባያው ብልጥ ነው፤ ቢደፉት ያውቃል፣ ከንፈርና ጉሮሮ ይቆጥራል። የማን ከንፈር እንደሆነ ግን አያውቅም። አምባሩን ብቻ ነው የሚያምነው።

«አምባርሽን አውልቂ» አልኳት ጦይባን።

«ለምን?»

«ልጠጣልሽ ነው።»

«አብደሻል? አንቺስ?»

«የኔ ጉበት የበቅሎ ነው፣ አብሽሪ።»

«ሂክማ፣ አይሆንም!»

«አባዬን አስታውሺ» አልኳት። አምባሯን አወለቀች።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት ጠዋት የራሴን ነጭ ክዳን ተሰልፌ እጠጣለሁ፤ ከዚያ ሁለት ቀይ ይዤ ቤት እሄዳለሁ፣ አምባሯን አስሬ እጨልጣለሁ። ቀይ ክዳን ምን ምን ይላል? የተቀቀለ ካልሲ። ከሳይረኑ በፊት ስለሆነ «ኤጭ!» እንኳ ማለት አይቻልም። ጦይባ ፊቴን እያየች ትራስ ነክሳ ትስቅ ነበር። ለእማ አልነገርናትም። እማ በዚያ ሰዓት ቅጠሉ በሚበቅልበት ግሪንሃውስ ናት። መዲና ሰይድ፣ የአውታሩ ለቃሚ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ቅጠሉን ገና ሳይነጋ፣ ዝም ብላ የምትበጥስ፣ ዝም ብላ የምታስረክብ። እቤት ስትመጣ እጇ አረንጓዴ ነው፤ በሰማያዊው መብራት ግን ጥቁር ይመስላል።

እትዬ ስንቄ «ሽንቷን በብርጭቆ አምጪልኝ» ይሉኛል፣ ፀሐይ ላይ ያዩታል። መጀመሪያ እንደ ወፍራም ሻይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት እንደ ገለባ ሆነ። ሰውነቷን ማሳከኩ ተዋት። መርማሪው በየሰኞው ይቆጥራል፤ 940፣ ከዚያ 510፣ ከዚያ 180። በአራተኛው ሰኞ 62። ጣሪያ ላይ ወጥተን ፀሐይ ላይ አየኋት፤ ነጭ ዓይን፣ እንደ ሰው ዓይን። ተቃቅፈን አለቀስን። ሦስተኛው ጥያቄ ተመለሰ። ስታቆም ዳነች።

በማግስቱ አውታሩ ቤታችን መጣ።

የመጣው አቶ ናሁሰናይ የሚባል የጣቢያዎቹ ተቆጣጣሪ ነው። ሱሪው የተተኮሰ፣ ፈገግታውም የተተኮሰ። አበባና ትልቅ ሥዕል ይዟል። ሥዕሉ ላይ የጦይባ ፊት አለ፤ ከሥሩ «ድርብ ማለዳ ወፏን አባረረ!» ተብሏል።

«በአውራጃው ፈጣኑ መዳን ነው» አለ። «ሃያ አንድ ቀን፣ አርባ ሁለት ኩባያ፣ አንድም ያልተዘለለ! በየጣቢያው እንሰቅለዋለን።»

አያችሁ? እኔ ቀን በቀን ከሞት ባወጣኋት ቁጥር መዝገቡ ኩባያው አዳናት ብሎ ይጽፋል። በሷ ፈንታ የጠጣሁት መርዝ ራሱን ያስመሰግናል። እማ አጠገቤ ቆማ በደስታ ታለቅሳለች፣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ከዚያ በላይ መቻል አልቻልኩም።

«አልጠጣችም» አልኩ።

«ምን?»

«አንድም ኩባያ አልጠጣችም። እኔ ነኝ የጠጣሁት። የዳነችው ስላልጠጣች ነው።»

እማ እንባዋ ፊቷ ላይ ቀረ። አቶ ናሁሰናይ አልተቆጣም። ይሄ ነው የሚያናድደው፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። አበባውን አልጋ ላይ አስቀምጦ ጣቢያ ወሰደኝና መርማሪው ውስጥ አስገባኝ። የእኔ ቁጥር 31።

«ተመልከቺ» አለ። «በቀን ሦስት ኩባያ፣ ሠላሳ አንድ። እንዲያውም አምሮብሻል። ታዲያ ጥፋቱ የኩባያው ነው?»

«ንብ ሁሉንም ትነድፋለች፣ የሚያብጠው ግን አንዱ ነው!» አሉ እትዬ ስንቄ ከበሩ ጀርባ፣ ከነመጥረጊያቸው።

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት?»

«ችግሩ እሱ ነው፣ ማንም አይጠይቅም።»

እሳቸውን እንዳልሰማ ሆኖ ወደ እኔ ዞረ። «እንደ ሕጉ እንሂድ። የአንድን ሕመም ምክንያት ለመቀየር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ቅጠሉን የለቀመችው ራሷ መርማሪው ፊት ስሙን ትጥራ። በአርባ ዓመት አንድም ሰው አልጠራም፤ አምባሩን የሚጠላ የለም። ሁለተኛው፣ ታማሚዋ እንደገና ትጠጣና ቁጥሯ ይታይ። ዓርብ ጠዋት ከሰው ጋር ትሰለፍ።»

«ሥዕሉ ይሰቀል፣ መጠጣቱ ቢቀርስ?» አልኩት። አዎ፣ ለመንኩት፤ አፍሬበታለሁ።

«ከሳሽ አንቺ ነሽ። ክሱ ተመዝግቧል። ካልጠጣች አምባሯ ይነጠቃል፣ ያንቺም።»

«ጠጥታ ብትሞትስ?»

አሰበበት። ወላሂ፣ ከልቡ አሰበበት።

«ያኔ አንቺ ልክ ነሽ ማለት ነው» አለ።

እቤት ስገባ እማ አበባውን ባልዲ ውስጥ ነክራው ነበር። ባልዲውን ከነአበባው በሩ ላይ ደፋሁት።

«የቅጠል ሰባትን ስም ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«ዝም በይ።»

«ታውቂዋለሽ፣ እማ!»

«እጄ ነው የሚያውቀው። አፌ አያውቀውም።»

«ዓርብ ጦይባ ትጠጣለች።»

«ስሙ ከወጣ ይረክሳል» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ልጅ ሆነ። «የዚህ ሁሉ ሰው መድኃኒት ነው። ስንቱ ሳል፣ ስንቱ ቁርጥማት በሱ ተሽሎታል። የኔ ልጅ ስለታመመች በሁሉም ላይ ላርክስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፌን ይዤ…»

«ይርከስ! ይርከስና ገደል ይግባ! ሰው ሲሞት የማይረክስ ነገር ስሙ ሲጠራ ይረክሳል?»

«ሂክማ!»

«አባዬን በማንኪያ ያጠጣው ማነው?»

ጦይባ «በቃ!» ብላ አፌን ያዘችኝ። ዘግይታለች፤ ወጥቷል። እማ አልመታችኝም፣ አላለቀሰችም። ተነስታ ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች። ታጠበች፣ ታጠበች። ውሃው እስኪያልቅ ታጠበች። ያኔ ነው የገባኝ፤ እማ ስሙን የማትጠራው ለሰልፈኛው ብላ ብቻ አይደለም። ከጠራችው መልሱን ትሰማለች። እጇ ምን ሲለቅም እንደኖረ ታውቃለች።

ዓርብ ጠዋት ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሶ ነበር። ሰማያዊ መብራት፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው፣ የኩባያ ድምፅ ብቻ። እኔ ማጠቢያው ጋ ነኝ። እትዬ ስንቄ የጠረጉትን ቦታ ደግመው ይጠርጋሉ። አቶ ናሁሰናይ መርማሪው አጠገብ ቆሟል። ጦይባ ተራዋ ደረሰ። ቀይ ክዳን፣ ሁለት ኩባያ። አምባሯን አስነካች። ክዳኑን ከፈተች። ወደ እኔ ዞር ብላ ጣሪያ ላይ የሠራሁትን ምልክት ሠራች፤ ዓይኔ፣ ዓይንሽ፣ ፀሐይ። በዚህች ሰዓት እንኳ ትቀልዳለች! ኩባያውን ወደ ከንፈሯ አነሳች። በእጄ የያዝኩትን ኩባያ ልወረውርባት አሰብኩ፤ ክንዴን አነሳሁ።

«የቁራ ምሳ።»

ድምፅ። ከሳይረኑ በፊት፣ የሰው ድምፅ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ። አንዲት ሴት ጆሮዋን ያዘች።

እማ ከግሪንሃውስ በሥራ ልብሷ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ እስከ ክርኗ አረንጓዴ ነው። በሰማያዊው መብራት ጥቁር።

አቶ ናሁሰናይ ሮጠ። ነገር ግን እሱም ጠጥቷል፣ እሱም መናገር አይችልም! እጁን ያወናጭፋል፣ ጣቱን አፉ ላይ ይጭናል፣ ግድግዳውን ይጠቁማል፣ እንደ ተያዘ ዶሮ ይንፈራገጣል። እትዬ ስንቄ መጥረጊያቸውን እግሩ ሥር ዘረጉት። ሳያስቡት መሰለኝ። አልመሰለኝም።

እማ አልፋው መርማሪው ፊት ቆመች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ አይቆምም።

«ቅጠል ሰባት የቁራ ምሳ ነው። ሌላ አይደለም። የለቀምኩት እኔ መዲና ሰይድ ነኝ። መዝግብ።»

የቁራ ምሳ! ሽንት ቤታችን ጀርባ የሚበቅለው! ፍየል እንኳ አሽትታ የምታልፈው! አርባ ዓመት ያፈኑን በዚህ አረም ነው? ልስቅ ነው ላለቅስ ነው አላወቅኩም።

«ስሙ ተመዝግቧል» አለ መርማሪው። «ለቃሚዋ ተረጋግጣለች። ጦይባ ይማም፤ የወፍ በሽታ ተሰርዟል። የጉበት ጉዳት፤ ምክንያቱ፣ የቁራ ምሳ። እንዳይጠጡ።»

ጦይባ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። የእማ አምባር ቀጭ ብሎ ተከፈተና ወደቀ። አላነሳችውም። መርማሪው ግን አላበቃም።

«ተመሳሳይ መዝገቦች ይታረማሉ» አለ። «ጡሀ እንድሪስ፤ የወፍ በሽታ ተሰርዟል። ምክንያቱ፣ የቁራ ምሳ። ዘርፌ አያሌው፤ የወፍ በሽታ ተሰርዟል። ምክንያቱ፣ የቁራ ምሳ። ሞገስ ተገኝ፤ የሞተ። የወፍ በሽታ ተሰርዟል…»

ከበሽታው የተረፉት እዚያው ሰልፉ ውስጥ ናቸው። ጡሀ ኩባያውን ጨብጦ ስሙን ሰማ። የሞገስ ሚስት መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያ ደደብ ሳጥን ለካ ሁሉንም ያውቅ ነበር! ማን ምን እንደጠጣ፣ መቼ እንደጀመረ፣ መቼ እንደሞተ። አንድ ክፍት ቦታ ብቻ ነበረው፣ የሚሞላው ቃል አጥቶ በሱ ፈንታ ወፍ ሲጽፍ ኖረ። ሠላሳ ስም፣ አምሳ ስም። በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ እንደሚጠራ።

«ይማም አሊ። የሞተ። የወፍ በሽታ ተሰርዟል። ምክንያቱ፣ የቁራ ምሳ።»

እማ ዓይኗን ጨፈነች። እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ያዘቻቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። ሄጄ አንዱን ያዝኩት። ጦይባ ሌላውን ያዘችው።

ሳይረኑ ጮኸ። መናገር ተፈቀደ። ከአንድ ሺህ ሁለት መቶው ሰው አንድም የተናገረ የለም። መርማሪው ብቻ ስም ይጠራል።

እማ ዓይኗን ገለጠች። ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለች።

«ቅጠል ስምንት» አለች። «ይሄንንም መዝግብ።»